ከንፈር መምጠጥ ይብቃ

የድሬ ሰዎች ሆይ፣ ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ በሆዴ የያዝኩትን ዛሬ ፊት ለፊት እነግራችኋለሁ። ለቅሶዬን ደርሳችኋል፤ ድንኳኑ እስኪጠብ መጥታችሁ አብራችሁኝ አልቅሳችኋል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ነገር ግን ስንቶቻችሁ እጄን ይዛችሁ «ተገላገለ፤ አንቺም አረፍሽ» አላችሁኝ? ከምን ነው የተገላገለው? ልጄ መኖር ይወድ ነበር።

ምጡ ረዝሞብኝ ሲወለድ አንጎሉ አየር አጥሮት ተጎዳ። ሐኪሞች ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። እርግማን አይደለም፤ አይተላለፍም። እጅና እግሩ ይገታተሩበት ነበር፤ ምላሱም አልታዘዝ ይለው ነበር። ጭንቅላቱ ግን ብሩህ ነበር። አማርኛውንም፣ ኦሮምኛውንም፣ ሶማልኛውንም እንደ ማንኛውም የሰፈራችን ልጅ ይሰማ ነበር። የኳስ ውጤት የሚያምታታ ሰው ካለ ሳያርመው አይተኛም። የሚናገረውን ለመረዳት ትንሽ መታገሥ ብቻ ይበቃ ነበር። ከቀትር በኋላ ተቀምጦ እስኪመሽ የሚጫወት ሕዝብ ለአንድ ልጅ አንዲት ዓረፍተ ነገር የሚሆን ጊዜ እንዴት ያጣል?

እሱ ፊት ቆማችሁ «ሻይ ይጠጣል?» ብላችሁ እኔን ትጠይቁ ነበር። ደንቆሮ መስሏችሁ ጆሮው ላይ የምትጮኹም ነበራችሁ። እሱ «አዎ» ለማለት ሲታገል እናንተ ከንፈራችሁን መጥጣችሁ፣ ጭኑ ላይ ብር አስቀምጣችሁ ትሄዱ ነበር። ልጄ ለማኝ አልነበረም! ብሩን ስታስቀምጡ ፊቱን ያዞር ነበር፤ ዞር ብሎ ያየው ግን አልነበረም። ተናግሮ እስኪጨርስ ጠብቀው አብረውት የሚከራከሩት የጎረቤት ልጆች ብቻ ነበሩ። ሽበት ያበቀላችሁ ሰዎች ከሕፃናት አነሳችሁ።

ስለ መንገዱም ልናገር። ሐረሮች የጀጎል ቁልቁለትና ጠባብ መተላለፊያ ዊልቸር አያስኬድም ቢሉ ይታመናሉ። የእኛ ምክንያት ምንድን ነው? ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረችው ሰፈራችን «ከዚራ» ሜዳማ ናት፤ መንገዷ ቀጥ ያለ፣ ዛፏም ጥላ ያለው ነው። የእግረኛውን መንገድ በሸቀጥ የሞላነው፣ ባጃጅና ሞተር ያቆምንበት፣ የቦዩን ክዳን አንስተን የረሳነው እኛ ነን። ልጄን ስገፋ አስፋልት ላይ ከመኪና ጋር ስጋፋ ያያችሁ ሁሉ «አይዞሽ» ብላችሁኛል። እኔ ማጽናኛ አልፈለግኩም፤ ካርቶኑን ከመንገዱ አንሱልኝ ነው ያልኩት።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድና ደረጃ መውጣት ለሚያቅተው ሰው የሚመች መግቢያ ይኑረው ብሎ ደንግጓል። ሕንፃ የምታሠሩ ወገኖች፣ ደጃችሁን እብነ በረድ ስታለብሱ ለዊልቸር መወጣጫ (ለራምፕ) ገንዘብ አነሰን አትበሉን። መወጣጫው አቀበት ከሆነም ለስሙ የተሠራ ነውና አትመጻደቁበት።

እንዲህ ዓይነት ልጅ በጓዳ ያስቀመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ የሰው ዓይን እንዴት እንደሚያቃጥል አውቃለሁ፤ በእኔም ላይ አርፏል። ቢሆንም የእናንተን እፍረት ልጁ መክፈል የለበትም። እጅና እግሩ ካልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያው እየደረቀ ይሄዳል፤ ፊዚዮቴራፒም (የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና) በጊዜ ሲጀመር ነው ይበልጥ የሚረዳው። ማታ ማታ ሙቀቱ ሲበርድ ደጅ አውጡት፤ ከእኩዮቹ ጋር ይቀመጥ፤ ይሳቅ፤ ይቆጣም።

ጎረቤቶችም አትሽሹ፤ አታፍጥጡም። ስሙን ጠይቁ፤ እናቱን ሳይሆን እሱን ራሱን። ለመናገር ጊዜ ከወሰደበት ቆማችሁ ጠብቁት።