ውዳሴ ጥግ

ባለፈው ሳምንት ለመላው ሠራተኛ የተላለፈው የበላይ አለቃ መልእክት ሳይደርሳችሁ አይቀርም። የእኔ መሥሪያ ቤት ባይልክላችሁ የእናንተው ልኮላችኋል፤ በዚህ በሲያትል ዙሪያ ያሉ የግዙፍ ቴክኖሎጂ ኩባንያዎች አለቆች ቃላት የሚሰፍሩት ከአንድ ጎተራ ይመስላል። መልእክቱ የስኬታችን ምስጢር «ትንንሽ፣ ነፃና በራሳቸው የሚተማመኑ ቡድኖች» መሆናቸውን ካበሠረ በኋላ፣ እያንዳንዱ ቡድን በትልቁ ኩባንያ ውስጥ ያለ ትንሽ ኩባንያ አድርጎ ራሱን እንዲቆጥር ይመክራል። እኔም በሕንፃው መጨረሻ፣ በማተሚያ ማሽኑና በድንገተኛ መውጫው በር መካከል ካለው ወንበሬ ላይ ሆኜ አንብቤው እጅግ ተጽናናሁ። ለካስ የተረሳን መስሎን እንጂ ነፃ የወጣን ነን!

የጥግ ጸጋው ብዙ ነው። ጥግ የተቀመጠን ሰው ምን እንደሚሠራ የሚጠይቀው የለም፤ እሱም ሌላውን አይጠይቅም። የሌላው ቡድን ሰነድ ተቆልፏል፣ ስብሰባው ተዘግቷል፣ ባጁም የሚከፍትለት የራሱን ፎቅና የምግብ አዳራሹን ብቻ ነው። በዕድር ስብሰባ ላይ «እሱ እኮ እዚያ ትልቁ ኩባንያ ውስጥ ነው የሚሠራው» ተብሎ ሲተዋወቅ ሁሉም በአክብሮት ያየዋል፤ «ምንድን ነው ሥራህ?» የሚል ጠያቂ የመጣ እንደሆነ ግን «ሲስተም ላይ ነኝ» ብሎ ወደ ሳህኑ ይመለሳል። ግንበኞች የናቁት ድንጋይ የማዕዘን ራስ ሆነ የሚለውን መዝሙር ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። በእኛ መሥሪያ ቤት ቅደም ተከተሉ ተሻሽሎ፣ ድንጋዩ በመጀመሪያ በክብር ማዕዘኑ ላይ ይቀመጣል፤ ግንበኞቹም ከዚያ በኋላ በተረጋጋ መንፈስ ይረሱታል።

ደንበኛውም የዚህ በረከት ተካፋይ ነው። ሜልቪን ኮንዌይ የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ድርጅት የሚነድፈው ሥርዓት የድርጅቱን የራሱን የመነጋገሪያ መስመር መምሰሉ እንደማይቀር አስረድቶ ነበር። ያኔ ምልከታ የነበረው ዛሬ የሥራ መመሪያ ሆኗል። በአንድ መተግበሪያ ውስጥ የይለፍ ቃል መቀየሪያው በአንድ ገጽ፣ የስልክ ቁጥር መቀየሪያው በሌላ ገጽ፣ ማሳወቂያ ማጥፊያው ደግሞ በሁለት ቦታ ሆኖ አንዱን ስታጠፉት ሌላው የሚበራባችሁ ከሆነ አትበሳጩ፤ የኩባንያውን የውስጥ አደረጃጀት በነፃ እየጎበኛችሁ ነው።

ከጥግ ገድሎች ሁሉ አብልጬ የምወደው ግን በአንድ ወዳጄ ላይ የተፈጸመውን ነው። ወዳጄ አንድ ሠንጠረዥ ማንበብ ፈለገ። ልጻፍበት፣ ልሰርዘው ወይም ላሻሽለው አላለም፤ ማንበብ ብቻ። ሠንጠረዡ የከተሞችን ስምና የአካባቢ ኮድ የያዘ፣ ምስጢር የሚባል ያልዞረበት ነገር ነው። የፈቃድ ቅጹን ሞልቶ ቢልክ፣ ቅጹ «ቡድንዎ በመዝገብ ላይ የለም» ብሎ መለሰው፤ በጸደይ በተደረገው የመዋቅር ለውጥ ቡድኑ ስሙን ቀይሮ ኖሮ ይህን የሰማው ከቅጹ ነው። አዲሱን ስሙን አጥንቶ በድጋሚ ላከ። ደብሊን ያለው ቡድን «ስለጻፉልን እናመሰግናለን፤ ይህ ሠንጠረዥ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል» ብሎ ወደ ሃይደራባድ አሳለፈው። ሃይደራባድ አመስግኖ ወደ ቫንኩቨር፣ ቫንኩቨርም አመስግኖ መልሶ ወደ ደብሊን ላከው። ጥያቄው ከፀሐይ ጋር ምድርን እየዞረ፣ በደረሰበት ሁሉ ምስጋና እየተቀበለ ሰነበተ። በመጨረሻ ደብሊን ያለ አንድ ቅን ሰው መዝገቡን ቢያገላብጥ የሠንጠረዡን ባለቤት አገኘውና ጥያቄውን በቀጥታ አስተላለፈለት። በማግስቱ ጠዋት ወዳጄ ኮምፒውተሩን ሲከፍት «አንድ ሠራተኛ ሠንጠረዥዎን ለማንበብ ፈቃድዎን ይጠይቃል» የሚል መልእክት ጠበቀው። ሠራተኛው እሱ ነው፤ ባለቤቱም እሱ ነው። ሠንጠረዡ ቀደም ባለ የመዋቅር ለውጥ ለእሱ ጥግ ተላልፎ ኖሮ የነገረው ሰው አልነበረም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃ የመሰላችሁ ጥግ ተቀምጣችሁ የማታውቁ ናችሁ። ወዳጄ «ፈቅጃለሁ» የሚለውን ቢጫን፣ ማንም ለራሱ ጥያቄ ፈቃድ መስጠት እንደማይችል ተነገረው፤ ይህም ለደኅንነት ሲባል የወጣ እጅግ ተገቢ ደንብ ነው። እንግዲያው ምክትል ባለቤቱ ይፍቀድ ተባለ። ምክትል ባለቤቱ ባለፈው ቅነሳ ተሰናብቷል። አዲስ ምክትል መሾም ይቻላል፤ ሹመቱን የሚያጸድቀው ግን ሠንጠረዡን የማንበብ ፈቃድ ያለው ሰው ነው። ወዳጄ አለቃውን ለማማከር አስቦ አለቃው ማን እንደሆነ በማውጫው ውስጥ ፈለገ። ሌላ ከተማ የምትኖር፣ ወዳጄ በሥሯ መኖሩን ከዚያው ደብዳቤ የተረዳች፣ በጣም ጨዋ ሴት ሆና ተገኘች፤ ስለጻፈላት አመሰገነችውና ለደብሊን እንዲጽፍ መከረችው። ይህ ሁሉ ሲሆን ጥያቄው ለረጅም ጊዜ እንቅስቃሴ ስላልታየበት በራሱ ጊዜ ተዘጋ፤ «በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል?» የሚል መጠይቅም ተከትሎ መጣ። ወዳጄ አምስቱንም ኮከብ ሰጠ፤ ከዚያ ያነሰ የሰጠ ሰው ምክንያቱን በሌላ ቅጽ እንዲያብራራ ይገደዳልና። በሩብ ዓመቱ የሪፖርት ስብሰባ ላይም ጉዳዩ «በሙሉ እርካታ ከተፈቱት» ጋር ተቆጥሮ በአረንጓዴ ቀለም ቀርቧል። ሠንጠረዡ እስከ ዛሬ አልተነበበም።

የጥግ ጠበቆች ይህን ስትነግሯቸው ዩኒክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ይጠቅሱላችኋል። እውነት ነው፤ በ1969 የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ የምርምር ተቋም በነበረው በቤል ላብራቶሪ ኬን ቶምፕሰን፣ ከዴኒስ ሪቺና ከጥቂት ባልደረቦች ጋር ሆኖ፣ ፈላጊው ብዙም ባልነበረ ፒዲፒ-7 ኮምፒውተር ላይ የጀመረው ሥራ ዓለምን አዳርሷል። ጠበቆቹ የማይጠቅሱት፣ ኒው ጀርሲ ያለው የላብራቶሪው የመሬይ ሂል ሕንፃ ሆን ተብሎ በረጃጅም ኮሪደሮች የታነጸ መሆኑን ነው፤ የፊዚክስ ሰው ወደ ምሳ ሲሄድ የሒሳብና የኬሚስትሪ ሰው ሳያጋጥመው እንዳያልፍ። የዩኒክስ ሠሪዎችም የጽሑፍ ማዘጋጃ እንሠራለን ብለው የተሻለ ማሽን ካስገዙ በኋላ፣ ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎቻቸው መካከል የዚያው ላብራቶሪ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት) ክፍል ጸሐፊዎች ነበሩ። ጎረቤቱ የተቸገረበትን የሚያውቅ ጥግና የጎረቤቱ በር የተቆለፈበት ጥግ ስማቸው እንጂ ግብራቸው አንድ አይደለም።

በ2020 ወረርሽኙ ሠራተኛውን ወደ ቤቱ ሲሰደው ግድግዳዎቹ አብረውት ሄዱ። ከ61 ሺህ በላይ የማይክሮሶፍት ሠራተኞችን ግንኙነት የመረመረና በ2021 የታተመ ጥናት፣ ሁሉም ከቤት መሥራት ሲጀምር ሰዎች ከሌላ ቡድን ሰዎች ጋር በመተባበር የሚያሳልፉት የጊዜ ድርሻ በሩብ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። (ጥናቱን ካዘጋጁት መካከል የኩባንያው የራሱ ተመራማሪዎች መኖራቸውን ያለ ሽሙጥ አመሰግናለሁ።) ለዚህ መድኃኒቱ በየኩባንያው ተገኝቷል፤ ሠራተኛው ፊት ለፊት እንዲገናኝ በሚል ወደ ቢሮ እንዲመለስ ታዘዘ። ዛሬ በአካል ቢሮ ተገኝቶ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ሌላ ከተማ ካሉት የቡድኑ አባላት ጋር በስክሪን ይሰበሰባል።

በ2022 መጨረሻና በ2023 መጀመሪያ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሲያሰናብቱ፣ ከሥራ መባረራቸውን ኢሜይላቸው አልከፈት ሲላቸው ያወቁ ነበሩ። ማን ምን እንደሚሠራ የማያውቅ ሰው፣ ማን እንደሚሄድ በምን ለይቶ ይወስናል? ሌሊት በጥሪ እየባነነ አንድን ሥርዓት ለዓመታት ያቆመ ሰው፣ ሥርዓቱ ስላልተሰበረ ብቻ ሥራ የሌለው መስሎ ይታያል። የውጭ አገር ባለሙያ በቀጣሪው በኩል አሜሪካ እንዲሠራ በሚፈቅደው በኤች-1ቢ ቪዛ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሌላ ቀጣሪ ለማግኘት ወይም ኑሮውን ነቅሎ ከአገር ለመውጣት ያለው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው፤ ልጁ ትምህርት ቤት ነው፣ የኪራይ ውሉ አላለቀም። ይህን ሰው ጥግ ያስቀመጡት እነሱ ናቸው። በሩንም የዘጉበት እነሱ ናቸው። ከዚያ «ምን እንደሠራህ አላየንም» ብሎ ማባረር አሳፋሪ ነው። በደብዳቤያቸው ነፃነት የሚሉት፣ እነሱ ራሳቸው ከማወቅ ግዴታ ነፃ የወጡበትን ነገር ነው።

ምስጋናውን ከጀመርኩ አይቀር ልፈጽመው። ከስንብቱ በኋላ ሥርዓቱ ለጥቂት ወራት ያለ ጠባቂ በሰላም ይሠራል፤ በስብሰባም «ያለ እነሱ እንደሚሄድ ይኸው አየን» ተብሎ ይጨበጨባል። ከዕለታት አንድ እሑድ ሌሊት፣ በየጊዜው መታደስ የነበረበትና ያ የተሰናበተው ሰው ብቻ ያድሰው የነበረው የደኅንነት ሰርተፊኬት ጊዜው ያልፍበታል፤ የክፍያ ገጹም አብሮ ይዘጋል። ሰኞ አስቸኳይ ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው ረቡዕ ላይ ለጉዳዩ ልዩ ትኩረት የሚሰጥ አዲስ ቡድን እንዲመሠረት ይወስናል። ሁለት ሰዎች ይቀጠራሉ፤ የመጀመሪያ ሥራቸውም የተሰናበተው ሰው ትቶት የሄደውን ሰነድ ለማንበብ ፈቃድ መጠየቅ ይሆናል።