የወይን እርሻ ለማየት ከፍለን ሱቅ ለሱቅ ስንዞር ዋልን

እስኪ ይውጣልኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ ውስጤ እየተብላላ እንቅልፍ ነስቶኛል።

አባቴ ከጎጃም ፓሪስ ሊጠይቁኝ ከመጡ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ ሰው ናቸው። ማማውንም ሙዚየሙንም አሳየኋቸው። አንድ ቀን ሜትሮ ውስጥ "ልጄ፣ የዚህ አገር ሰው የሚያርሰው የት ነው?" አሉኝ። በምሥራቅ ፈረንሳይ ያለውን የቡርጎኝን የወይን እርሻ ጉብኝት የያዝኩት በዚህች ጥያቄ የተነሳ ነው። የባቡሩን ሳይጨምር ለሁለት ሰው 340 ዩሮ። "ቅጠሉ ወርቅ በሚመስልበት በጥቅምት፣ በወይን ማሳ መሀል የእግር ጉዞ፣ ከገበሬዎቹ ጋር ጨዋታ፣ ቅምሻ" ይላል ማስታወቂያው።

ዲዦን ከተማ ከባቡሩ እንደወረድን መጀመሪያ የወሰዱን ሰናፍጭ መሸጫ ነው። 50 ደቂቃ! ከዚያ ሚኒባሱ በማሳዎቹ መሀል መብረር ጀመረ። አስጎብኚው ማይክ ይዞ "በስተቀኝ ክሎ ደ ቩዦ" ብሎ አለፈ። 50 ሄክታር ገደማ የሚሆን፣ በድንጋይ አጥር የታጠረ፣ በመካከለኛው ዘመን ሲስተርሲያን የሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት ያቀኑት ማሳ እኮ ነው! በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ከገዳሙ ተወረሰ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1889 ተሸነሸነ፣ ዛሬ 80 የሚሆኑ ባለይዞታዎች አሉት። አንዳንዱ ያለው ጥቂት ረድፍ ብቻ ነው። ርስት ሲከፋፈል ኖሮ ላየ የጎጃም ገበሬ ከዚህ የበለጠ ምን ወሬ አለ? ከስልኬ እያነበብኩ ልነግራቸው ስሞክር ሳልጨርስ አጥሩ ከኋላችን ቀረ።

ሮማኔ ኮንቲ ጋ ለፎቶ አምስት ደቂቃ ተሰጠን። በዓለም ውድ ከሚባሉት ወይን ጠጆች አንዱ የሚወጣበት ይህ ማሳ ሁለት ሄክታር እንኳን አይሞላም። ሰው ሁሉ ማሳው ዳር ካለው የድንጋይ መስቀል ስር ፎቶ ሲነሳ አባቴ መንገዱ ዳር ቁጢጥ አሉ። ከትራክተር ጎማ የወደቀች ጓል አንስተው በጣታቸው ፈረካከሷት። ቡናማ አፈር፣ በውስጡ ነጫጭ የኖራ ድንጋይ ስብርባሪ። "ይሄ መሬት ውሃ አያቁርም" አሉ። ልክ ናቸው! የተዳፋቱ ወገብ ላይ ያለው ማሳ ከግርጌው የሚበልጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መንገዱን ተሻግሮ የሚመረተው በስንት እጥፍ ይረክሳል። ዩኔስኮ እንደ ፈረንጆቹ በ2015 የመዘገበው እነዚህኑ በስም በስም የተለዩ ቁርጥራጭ ማሳዎች ነው።

ከዚያ አባቴ "ሲገረዝ ስንት ዓይን ይተውለታል?" ብለው ጠየቁ፤ ዓይን ያሉት ቅርንጫፉ ላይ አዲስ ቡቃያ የሚወጣበትን ነው። ተረጎምኩ። አስጎብኚው ሰዓቱን አየና "ሱቁ ውስጥ መጽሐፍ አለ" አለኝ። ምን ብዬ ልተርጉምላቸው? 70 ዓመት ያለፋቸው ገበሬ የገበሬ ጥያቄ ጠይቀው መልሱ ይሄ ነው? ከገበሬዎቹ ጋር ጨዋታ የተባለው ይሄ ነው? ቀኑን ሙሉ አንድ ገበሬ አላየንም።

ቅምሻው እዚያው ቡርጎኝ ባለችው ቦን ከተማ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ቆመን፣ በ25 ደቂቃ ስድስት ዓይነት፣ የዋጋ ዝርዝሩ ከብርጭቆው ቀድሞ። ጥግ ላይ የመትፊያ ባልዲ አለ፤ ቀምሶ መትፋት ነውር እንዳልሆነ ግን ማንም አልነገረንም። እኔም የወይን ቅምሻ ደርሼ አላውቅም። አባቴ የተቀዳላቸውን መልሶ መድፋት ባለቤቱን መናቅ ነው ብለው ስድስቱንም ጨረሱ። ባዶ ሆዳቸውን! ምሳ የቀረበው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ያን ያህል የጓጉለትን አገር ቀሪውን መንገድ ራሳቸውን መስኮቱ ላይ ደግፈው ተኝተው አለፉት። የእግር ጉዞውስ ስል "ጊዜ አለቀ" ተባልኩ። ቅሬታ ጻፍኩ፤ "በፕሮግራሙ ያሉት ቦታዎች ሁሉ ታይተዋል" የሚል መልስ መጣ። በመስኮት!

አባቴ የሚመለሱት በሚቀጥለው ሰኞ ነው። ቅዳሜ በጠዋት ባቡር ይዘን እዚያው ቡርጎኝ ኑዊ ሳን ዦርዥ እንወርዳለን፤ ከዚያ በማሳዎቹ መሀል በእግር የሮማኔ ኮንቲ ማሳ ወዳለበት መንደር ወደ ቮን ሮማኔ። ምሳችንን ቋጥረን እንሄዳለን። ቅጠሉ እስከዚያ ባይረግፍ ደስ ይለኛል።