ይድረስ ለክቡር የሌሊት ጎብኚያችን

ጉዳዩ፦ የቤት እድሳቱን ከባለቤቱ ቀድመው ስለመረከብዎ

እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከእርስዎ ናፍቆት፣ ከቦይለሩ፣ ከሻወሩ ሚክሰርና ከወጥ ቤቱ ገመድ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በቅድሚያ ለማመስገን ነው። ኮተቤ ያለውን ቤታችንን ተከራዩ ለቆ እድሳት ከጀመርን ወዲህ እንደ እርስዎ ያለ ታታሪ ሰው አልገጠመንም። ግንበኛው ሰኞ ይመጣል፣ ማክሰኞ ስልኩ ዝግ ነው። ቀለም ቀቢው በየሳምንቱ አጎት ይሞትበታል፤ የአጎቶቹን ብዛት ሳስብ ያን ሁሉ ያሳደጉትን አያቱን አደንቃለሁ። የቧንቧ ሠራተኛው «ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ደረስኩ» ካለ ሰንብቷል፤ ታክሲው በደሴ በኩል ዞሮ የሚመጣ መሆን አለበት። ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ቀብድ የማይጠይቅ፣ ለሻይ የማይል፣ የጀመረውን ሳይጨርስ የማይሄድ እርስዎ ብቻ ነዎት።

ሙያዎም የሚናቅ አይደለም። ኤሌክትሪሺያናችን የወጥ ቤቱን መስመር ለመቀየር ግድግዳው የግድ መፈልፈል አለበት ብሎ ለልስን፣ ለስቱኮና ለቀለም ሌላ ሂሳብ አቅርቦልን ነበር። እርስዎ ግን የልስን ፍርፋሪ እንኳ ሳያወድቁ ገመዱን ከነርዝመቱ ከኮንዲዩቱ (ግድግዳው ውስጥ ከተቀበረው ቱቦ) ስበው አወጡት። መምረጥም ያውቁበታል። የአምፖሉን ቀጭን ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ንቀው ትተው ለምጣድ የተዘረጋውን ባለ 6 ወሰዱ። ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ወፍራም መዳብ ይፈልጋል፤ ያ ኤሌክትሪሺያን ግን «ለምጣድም 2.5 ይበቃል» ብሎ ግማሽ ቀን ተከራክሮናል። ቀደም ብለን ተዋውቀን ቢሆን ኖሮ ለምስክርነት እንጠራዎት ነበር።

ቅሬታ የለንም ማለት ግን አይደለም። ሚክሰሩን ሲነቅሉ ዋናውን የውሃ መዝጊያ ሳይዘጉ ሄዱ። እንደሚያውቁት (ምን የማያውቁት አለ?) በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሰፈሩ ሁሉ በርሜልና ጀሪካን ደርድሮ ሲጠብቀው የሰነበተው ውሃ ያን ሌሊት መጣና በቀጥታ እኛ ሳሎን ገባ። ገና ተነጥፎ ያልተቀባው ፓርኬ ጠጥቶ ጠጥቶ አበጠ። ቆጣሪው ደግሞ ማን ከፈተው ማን ዘጋው የሚል ምርመራ ውስጥ አይገባም፣ ቢሉ መጣ። መስረቅ አንድ ነገር ነው፣ ውሃ ከፍቶ መሄድ ግን አስተዳደግ ነው።

ስለ መረጃ ምንጭዎ ብዙ ተነጋግረናል። አንዳንዱ ዘመድ «የውስጥ ሰው አለ» ይላል። እኔ ግን በሩን በእርስዎ ዓይን ሳየው የውስጥ ሰው የሚያስፈልግዎ አልመስልህ አለኝ። ደጃፍ ላይ ግማሽ ሲኖትራክ አሸዋ ተገልብጧል። መስኮቱ መጋረጃ የለውም። አጥሩ ላይ «የሚከራይ ቤት» የሚል ጽሑፍ ከነስልክ ቁጥሩ ተለጥፏል፤ ደውሎ «ቤቱ ሰው አለበት እንዴ?» ለሚል ሁሉ ደላላው በደስታ «ማንም የለበትም፣ በፈለጉት ሰዓት መግባት ይቻላል» ይላል። የቀን ሠራተኞቹም የቦይለሩን ካርቶን ከነሥዕሉና ከነሊትሩ የቆሻሻ ገንዳው አጠገብ አቁመውታል። ከዚህ በላይ የጥሪ ወረቀት የሚታተመው ለሠርግ ብቻ ነው።

ሰዓት አመራረጥዎም ያስደንቃል። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እንኳን የመጋዝ ድምፅ ግራይንደርም አይሰማም። የትንሣኤ ሌሊት ሰፈሩ በሙሉ ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ነው። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ የእርስዎ ሥራና የእኛ ዕንቅልፍ እኩል ይጀምራሉ።

ሕጉን በተመለከተ አንዳንድ ነገር ላስታውስዎ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ለአከራይም ከሁለት ወር በላይ ቅድመ ክፍያ መቀበል ከልክሏል። እርስዎ ቤቱን የተጠቀሙበት ያለ ውል፣ ያለ ምዝገባና ያለ ክፍያ ነው። ቅድመ ክፍያ የወሰዱትም እርስዎ ራስዎ ነዎት፣ ያውም በዓይነት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በበኩሉ አንቀጽ 669 ላይ ስለ ከባድ ስርቆት፣ አንቀጽ 682 ላይ ደግሞ የተሰረቀውን ስለሚቀበለው ሰው ይናገራል። ሁለተኛውን አንቀጽ ለወዳጅዎ ያንብቡለት። መቼም ያን ሁሉ ገመድ ምጣድ ሊጥዱበት አልወሰዱትም። አንዱ ጓሮ ውስጥ ጥቁር ጭስ ተነሥቶ ላስቲኩ ተቃጥሎ፣ መዳቡ በኪሎ ተመዝኖ ተሽጧል። ነገር ግን ስሙ የሚነሣው ሁልጊዜ ማዳበሪያ ተሸክሞ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ምስኪን ልጅ ነው። የመርካቶው ምናለሽ ተራም እንዲሁ ይታማል፤ አብዛኛው የምናለሽ ተራ ሰው ግን ከተጣለ ቆርቆሮ ምድጃ የሚያወጣ ባለሙያ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ሚዛኑን ይዞ «ከየት አመጣኸው?» የማይለው ሰውዬ ነው። እሱ ባይኖር እርስዎም በዚያ ብርድ ባልደከሙ።

እርስዎን ለመቀበል ያደረግነውን ዝግጅት መቼም አይተውታል። መጀመሪያ አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተከልን፤ እርስዎ ማዳበሪያ አነጠፉበት። ቀጥለን የእሾህ ሽቦ ጠቀለልንበት፤ ሽቦው አሁን በሌላ ሰው አጥር ላይ እያገለገለ እንደሆነ እገምታለሁ። ካሜራ ሰቀልን፤ ለመጨረሻ ጊዜ የቀረጸው መዳፍዎን ነው፣ ረጅም ዕድሜ ያሳያል። ውሻ አመጣን፤ ሲመጡ ዝም ብሎ ከሄዱ በኋላ እስኪነጋ ጮኸ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለው ለካ ያየ ሰው የተናገረው ነው። ዘበኛም ቀጠርን፣ ያውም ከነዋሱ። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን አልከደነም ብሎ በማርያም ይምላል፤ ባለ 6 ገመዱ ሲሳብ ግን ሕልም መስሎት ነበር።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይላሉ አባቶች። በእኛና በእርስዎ መካከል ግን ንቀት የለም። ባለቤቱ እዚያ አለመኖሩን አረጋግጠው ነው አጥሩን የነቀነቁት። ጉዳዩ የገባኝም እዚህ ላይ ነው። እርስዎ ብረት አይፈሩም፤ ብረት ለእርስዎ በኪሎ የሚሸጥ ዕቃ ነው። የሚፈሩት ሰው ነው፣ ያውም መሣሪያ የያዘ ሳይሆን ውሃ ሊደፋ የወጣ ሰው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጉብኝትዎ እንዳይደናገሩ ያደረግናቸውን ለውጦች በአክብሮት አሳውቃለሁ። ቦይለር፣ ሲንክ፣ ሚክሰርና ሶኬት የሚባል ነገር ከእንግዲህ ግቢው ውስጥ አያድርም። እነዚህ የሚገቡት ተከራዩ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት መጥተው ከሰዓት በኋላ እየተገጠሙ ነው። እስከዚያ ሊሸከሙት የሚችሉት አሸዋውን ነው፤ አሸዋ ከወደዱ ደግሞ አካፋው በስተግራ በኩል አለ። የበሮቹ ቁልፎች ተቀይረዋል፤ የቀድሞው ተከራይ፣ የተከራዩ ወንድምና ያ ደላላ ኮፒ ያስቀረጹበት ቁልፍ አሁን የሚከፍተው ትዝታ ብቻ ነው። ግንበኛው ግራይንደሩንና ድሪሉን ማታ ማታ ይዞ ይሄዳል። «የሚከራይ ቤት» የሚለውም ተነሥቷል።

የተቀሩት ዕቃዎች ከነሲሪያል ቁጥራቸው ፎቶ ተነሥተዋል። ጣቢያ ሄጄ ባመለከትኩ ጊዜ መርማሪው «ቦይለሩ የእርስዎ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ?» ብሎኝ ነበር። በወቅቱ ተናድጄ፣ ቆይቼ ግን ጥያቄው ትክክል ሆኖ አገኘሁት። ዕቃው ቢገኝ እንኳ ቦይለር ሁሉ ነጭ ነው።

ዋናው ለውጥ ግን ሌላ ነው። ቀለም ቀቢው የቤት ኪራይ ከብዶት እንደነበር ደርሰንበታል (አጎቶቹን ምን እንደፈጃቸው አሁን ይገባኛል)። ሥራው እስኪያልቅ ሰርቪስ ክፍሉ ውስጥ በነፃ ይኖራል፤ ሚስቱና አራስ ልጁም መጥተዋል። ሽቦው ላይ ዳይፐርና ነጠላ ይሰጣል። መስኮቱ ላይ አሮጌ መጋረጃ ተሰቅሏል፣ መብራትም ይበራል። ልጁ የሚነቃው ሌሊት 8 ሰዓት፣ 9 ሰዓት ተኩልና 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ዕቅድዎን በዚያ መሠረት ያስተካክሉ። በዚህ ላይ ከአጥር ወዲያ ያሉት እትዬ የግቢውን ቁልፍ ይዘዋል። እሳቸው ከሰዓት በኋላ ቡና የሚያፈሉት በራቸው ላይ ተቀምጠው ነው፤ መንገዱን የሚያልፍ ሁሉ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠየቅ አያልፍም። ባለፈው ሳምንት የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣን ሰው መታወቂያውን ካነበቡ በኋላ አባቱን አውቀዋለሁ ብለው ሦስተኛውን አስጠጥተው ለቀቁት።

እርስዎም ምናልባት በቀን ሲያልፉ ይጠሩዎት ይሆናል። እምቢ እንዳይሉ፣ ቡናቸው ጥሩ ነው። የማን ልጅ እንደሆኑ ብቻ አስቀድመው ያስቡበት።

ከሰላምታ ጋር
የቤቱ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለኤሌክትሪሺያኑ (ምጣድ ወፍራም መዳብ እንደሚፈልግ እንዲያውቀው)
ሚዛን ይዞ «ከየት አመጣኸው?» ለማይለው
ለቧንቧ ሠራተኛው፣ ታክሲው ባለበት
ለዘበኛችን (ሲነቃ የሚሰጥ)