ማስተካከያ፦ በጎንደር የፈላ ውኃ 100 ዲግሪ አይደርስም

ጎንደር ላሉ የላቦራቶሪ ተማሪዎች በተሰራጨው የባክቴሪያ ቅባት አሲድ ምርመራ መመሪያ ላይ «ቱቦውን በፈላ ውኃ፣ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ አቆዩ» የሚለው ይታረም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። የሶዲየም ሃይድሮክሳይድና የሜታኖል ድብልቅ የሴሉን ቅባት በሚገባ እንዲፈታ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ በደረቅ ማሞቂያ ተጠቀሙ። በቱቦው ውስጥ አረፋ ሽቅብ መውጣት ከጀመረ ክዳኑ ያፈሳልና ወዲያው አጥብቁት።

ሁለተኛው ስሕተት የባሰ ነው። አሲድ ከተጨመረ በኋላም 30 ደቂቃ ይሞቅ ተብሏል፤ ትክክሉ በ80 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ከዚያም ፈጥኖ ማቀዝቀዝ። አለበለዚያ በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ የሚገኙት የሳይክሎፕሮፔን (ባለ ሦስት ካርቦን ቀለበት) ቅባት አሲዶች ይሰባበሩና ቅባት አሲዶቹን ለይቶ በሚለካው የጋዝ ክሮማቶግራፊ ውጤት ላይ ከእውነተኛ መጠናቸው አንሰው ይታያሉ።