ስድስት ውሾች፣ አንድ ፍሬን

ነገሩን ያመጣብኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሌሊት ፈረቃ አብረን እንሠራለን። አንድ ሌሊት ቡና ስንጠጣ ቅዳሜና እሁድ ምን እንደሚሠራ ጠየቅኩት። «መሸር ነኝ» አለኝ። ለእኔ ጆሮ «መሸ» የምትለዋን ቃል ትመስላለች። እዚህ ሚኒሶታ ደግሞ በታኅሣሥ፣ በእኛ አቆጣጠር አስር ተኩል ላይ ይመሻል። ከጨለማ ጋር የተያያዘ ሥራ መስሎኝ ዝም አልኩ። ኋላ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ስድስት ውሾች ሁለት ሁለት ሆነው ተጠምደዋል። ጎማ የሌላት ቀላል ጋሪ በበረዶ ላይ ይጎትታሉ። እሱ ከኋላ ቆሟል። ጋሪዋ ስሌድ ትባላለች። የሚነዳት ሰው ነው መሸር የሚባለው።

«እነዚህ ምስኪኖች ምን አደረጉህ?» ልለው ነበር። ዋጥ አደረግኩት።

እኔ ያደግኩት ጎጃም፣ ገጠር ነው። እኛ ዘንድ የሚጠመደው በሬ ነው። ውሻ ጅብ ያባርራል፣ ፍርፋሪ ይበላል፣ ደጅ ያድራል። የእኛው ውሻ መቻል ይባል ነበር። ስሙና ኑሮው አንድ ነበር። አሜሪካ ስመጣ ሌላውን ጫፍ አየሁ። ሹራብ የለበሰ ውሻ፣ በሕፃን ጋሪ የሚገፋ ውሻ፣ የጤና ኢንሹራንስ ያለው ውሻ። እኔ ራሴ ኢንሹራንስ ያገኘሁት ከገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። እዚያ ተርቦ ያድራል፣ እዚህ ጠግቦ ሶፋ ላይ ይተኛል። ሥራ ተሰጥቶት፣ ሠልጥኖ፣ እንደ ባለሙያ የሚታይ ውሻ ግን እዚያም እዚህም አላየሁም ነበር።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ከዱሉት ከተማ በስተሰሜን ወዳለው ቤቱ ሄድኩ። ገና በረዶ አልጣለም። መጀመሪያ የገረመኝ መልካቸው ነው። ሰማያዊ ዓይን፣ ወፍራም ፀጉር፣ የካላንደር ውሻ ጠብቄ ነበር። እነዚህ ቀጫጭን ናቸው፣ ባለረጅም እግር፣ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ዝንጉርጉር። አላስካን ሀስኪ ይባላሉ። ስሙ ትልቅ ይሁን እንጂ ዘራቸው ድብልቅ ነው። ሰዎች ለመልክ ሳይሆን ለፍጥነት፣ ለጽናትና ለእግር ጥንካሬ እየመረጡ ያዳቀሏቸው ናቸው። ክብደታቸው 20 ምናምን ኪሎ ቢሆን ነው። አንዱን አይቼ ደነገጥኩ። ቁርጥ መቻል!

ስማቸውን ጠየቅኩ። መሸሮች በአንድ ጊዜ ለተወለዱ ቡችሎች ተዛማጅ ስም ማውጣት ይወዳሉ። የእሱ የመጨረሻዎቹ አራቱ የቡና ስም ነው ያላቸው። ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞ፣ ሐረር፣ ሊሙ። ሌሊት ሠራተኛ ስለሆነ ቡና ነው ያቆመኝ ይላል። «ይርጋጨፌ» ማለት ያቅተዋል፣ ውሻዋ ግን ይገባታል። እኛ የፈረስ ስም ለንጉሥ የሰጠን ሰዎች ነን፤ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው ብለን። የወረዳ ስም ለውሻ ሲሰጥ ምን ማለት እንዳለብኝ ግን ጠፋኝ። ሳቅኩ።

ሥልጠናው የሚጀመረው በረዶ ሳይጥል ነው። ስሌዷ ስለማትሄድ ውሾቹ ባለአራት ጎማ ሞተር ሳይክል ላይ ይታሰራሉ። ያውም በማለዳ። ለእኔ ብርድ የሆነው ለእነሱ ሙቀት ነው። ውሻ እንደ ሰው ላብ በገላው አያወጣም፤ እያለከለከ ነው የሚቀዘቅዝ። ሞቅ ባለ ቀን ካሮጥከው ሊሞትብህ ይችላል። ስለዚህ ሰውየው ከጫማው በፊት ቴርሞሜትሩን ያያል።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ልጓም የለም። ጅራፍ የለም። ውሾቹ የተያያዙት በአንድ መሐል ገመድ ነው፤ ነጂው በእጁ የሚስበው ነገር የለም። ያለው አፉ ብቻ ነው። «ጂ» ሲል ወደ ቀኝ፣ «ሃው» ሲል ወደ ግራ። ቃላቱ ከየት እንደመጡ ስጠይቅ ምን አለኝ? ከበሬ ጠማጆች! የድሮ የእንግሊዝና የአሜሪካ አራሾች በሬና ፈረስ የሚያዞሩበት ቃል ነው። እኔ ጫካ ውስጥ ቆሜ አባቴን አስታወስኩ። እሱም ከበሬዎቹ ጋር ቀኑን ሙሉ ያወራ ነበር። ይቆጣቸዋል፣ ያባብላቸዋል፣ ይዘፍንላቸዋል። ልዩነቱ አባቴ ጅራፍም ነበረው።

አገራራቱም ያው ነው። እኛ ወይፈን ስናስለምድ ከነባር በሬ ጋር እናጣምደዋለን። ነባሩ ሲዞር ይዞራል፣ ሲቆም ይቆማል። እዚህም ቡችላው ከአሮጌ መሪ ጎን ይታሰራል። የመጀመሪያው ቀን አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው። ከዚያ በየሳምንቱ ትጨመራለች። ሕጉ አንድ ነው፤ ውሻው ገና ልሂድ እያለ አቁመው። ደክሞት ካቆምክ፣ ማቆም ደክሞኝ ነው ብሎ ይማራል። በሚቀጥለው ሲደክመው እሱ ራሱ ያቆምብሃል።

መሪዎቹ ከፊት ናቸው። ጉልበተኞቹ ከኋላ፣ ስሌዷ አጠገብ ይታሰራሉ፤ መታጠፊያ ላይ ክብደቱ እነሱ ላይ ነው የሚያርፈው። መሪ የሚሆነው የሚሰማው ውሻ ነው። መምራት ያደክማል አለኝ፤ በጉልበት ሳይሆን በሐሳብ። ለዚህ እየቀያየረ ያሳርፋቸዋል። አንዳንዱ ውሻ ጭራሽ ከፊት መሆን አይፈልግም፣ መሐል ሲገባ ደስ ይለዋል። በከተማችን ያሉትን የሐበሻ ማኅበራት አሰብኩ። ሊቀመንበሩን ከፊት አውጥቶ መሐል ማሰር የቻለ ማን አለ?

ኅዳር ላይ በረዶው ጣለ። እኔም አንዴ ልንዳ አልኩ። ከመነሳታቸው በፊት ያለውን ጩኸት ያልሰማ ሰው አያምነኝም። ስድስቱም ያለቅሳሉ፣ ይዘላሉ፣ ገመዱን ይነክሳሉ። ስሌዷ በብረት መልሕቅ በረዶው ላይ ተተክላለች፣ ለጥንቃቄ ዛፍ ላይም ታስራለች። የሚጎትታቸው የለም፤ የሚጎተተው ሰው ነው። መልሕቁ ሲነቀል ጩኸቱ ቀጥ አለ። ዝም። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የእግራቸው ኮቴና የስሌዷ ሽውታ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጸጥታ አሜሪካ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም።

ጸጥታው ሦስት ደቂቃ ያህል ቆየ። መታጠፊያው ላይ ተገለበጥኩ። የመሸር የመጀመሪያ ትእዛዝ «ስሌዷን እንዳትለቅ» ነው። ውሾች ነጂው መውደቁን አይተው አይመለሱም፤ ይሄዳሉ። እኔ ለቀቅኩ። በሆዴ ተኝቼ አራቱ ቡናና ሁለቱ ጓደኞቻቸው ሲርቁኝ አየሁ። ሰውየው በበረዶ ሞተር ተከትሎ ያዛቸው። ስደርስ ተንበርክኮ እግራቸውን አንድ በአንድ እያየ ነበር። ሃያ አራት መዳፍ። ሲጨርስ ቀና ብሎ «አንተስ?» አለኝ። መቀየም አማረኝ፣ ግን አባቴም ዝናብ ሲመታን መጀመሪያ በሬዎቹን ነበር የሚያስገባው።

ከዚያ ቀን በኋላ ፍሬኗን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ነጂው ቆሞ በእግሩ የሚረግጣት ነገር ነች። ከሰውየው ጋር ክረምቱን ሙሉ ስውል «ቶሎ» የሚል ቃል ከአፉ ሲወጣ የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው። እሱ የሚያሠለጥነው መያዝን ነው። ቁልቁለት ላይ ይይዛል፣ መነሻ ላይ ይይዛል። ከሩጫ በኋላ ያሳርፋል። ገለባ ያነጥፍላቸዋል፤ ሽታው አውድማ ላይ ወስዶ ይጥለኛል። በብርድ ውሃ መጠጣት ስለማይወዱ ሥጋ የገባበት ሞቅ ያለ ሾርባ ይሰጣቸዋል። በረጅም ውድድር ላይ ያለ ውሻ በቀን እስከ 10,000 ካሎሪ ይበላል፤ የእሱዎቹ አጭር ሯጮች ስለሆኑ ያን ያህል አይደሉም። የቀረው ሥራ እዳሪ መጥረግ ነው። በሬ ቢሆን ኩበት ይሆን ነበር፣ የውሻ ግን ለምንም አይሆንም።

ነገሩን ሁሉ አሳምሬ እንዳላወራ። ይህን ስፖርት የሚቃወሙ ብዙ አሜሪካውያን አሉ። በትልልቆቹ ውድድሮች ላይ ውሾች ሞተዋል። በሰንሰለት ታስረው የሚውሉም አሉ። አላስካ ውስጥ ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚካሄደው ኢዲታሮድ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ተቃዋሚዎቹ በየዓመቱ ይጮሁበታል። እኔ ስድስት ውሻ ባለው ሰው ቤት ያየሁትን ነው የምናገረው። ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ምን እንደሚሰማቸው ውሾቹን ጠይቄ አላውቅም። ግን አዲስ አበባ ሌሊት ላይ ድንጋይ የሚወረወርበትንና እዚህ አፓርትማ ውስጥ ብቻውን አስር ሰዓት ተዘግቶበት የሚውለውን ውሻ ሳስብ፣ ለፍርድ አልቸኩልም።

ደግሞ ይህ ሥራ ሲጀመር ጨዋታ አልነበረም። በዚሁ በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ጆን ቤርግሪስ የሚባል ኦጂብዌ ከተባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የተወለደ ሰው ነበር። ከ1879 እስከ 1899 በቱ ሀርበርስና በግራንድ ማሬ ከተሞች መካከል ፖስታ አመላልሷል። በክረምት መንገድ ስለሌለ በጥቂት ውሾች ነበር የሚሄደው። በስሙ በየዓመቱ የሚደረገው ውድድር 300 ማይል ገደማ ነው። ያኔ የእኛዎቹ መልእክተኞች ደብዳቤውን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ሰክተው በእግራቸው ይሮጡ ነበር። ምኒልክ ፖስታ ያቋቋሙት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ እዚህ 1894 መሆኑ ነው። አንዱ አገር ውሻ ነበረው፣ ሌላው እግር ነበረው። ከዚያ በኋላ በእግር ማን እንደቀደመ ይታወቃል።

ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ የሄዳችሁ የባልቶን ሐውልት አይታችሁ ይሆናል። በ1925 አላስካ ውስጥ ኖም በምትባል ከተማ ዘጊ አናዳ የሚባለው የጉሮሮ በሽታ ገባ። መድኃኒቱን 20 ሰዎችና 150 ያህል ውሾች እየተቀባበሉ፣ ወደ 1,085 ኪሎ ሜትር በአምስት ቀን ተኩል አደረሱት። ባልቶ የመጨረሻውን ዙር የሮጠው መሪ ነው፤ ሐውልት ቆመለት። ረጅሙንና አደገኛውን መንገድ የሮጠው ግን ቶጎ የሚባል ሌላ ውሻ ነው። ጠምዶ የሸኘ ሌላ፣ ደጃፍ ላይ የተቀበለ ሌላ፤ ምርቃቱን የሚወስደው ሁልጊዜ ደጃፍ ላይ የታየው ነው።

«ሐበሻንና በረዶን ምን አገናኛቸው?» ይሉኛል ወዳጆቼ። ሮቤል ተክለማርያም የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ቫንኩቨር ላይ የክረምት ኦሊምፒክ በስኪ መወዳደሩን ረስተው ነው። እኔ ባንዲራ አልያዝኩም። የያዝኩት የውሻ ጫማ ነው።

የውድድሩ ቀን በየካቲት አንድ እሁድ ነበር። በዚህ ዘመን በረዶ መኖሩ ራሱ ዕድል ነው፤ በ2024 የቤርግሪስ ውድድር በረዶ ጠፍቶ ተሰርዟል። የእኛው ትንሽ ውድድር ነች፤ ስድስት ውሻ፣ አስር ኪሎ ሜትር። እኔ ቅዳሜ ማታ ገብቼ ሌሊቱን ስሠራ አድሬ፣ ከፈረቃ በቀጥታ ነው የሄድኩት። በሳምንቱ ሁለት ጊዜ ድርብ ፈረቃ ይዤ ነበር። ሰውየው ፈረቃውን ለሌላ ሰጥቶ ነበር።

ጠዋት ውሾቹን ሲያናፍስ ሐረር በግራ የፊት እግሯ ትንሽ አነከሰች። እኔ አላየሁም፣ እሱ አየ። መዳፏን ዳሰሰ፣ ቁስል የለም። ቢሆንም ፈታት። «በአምስት እሮጣለሁ» አለ። ዓመቱን ሙሉ የተዘጋጀበት ቀን ነው። ትንሽ ጫን ብትል ትሮጣለች አልኩት፤ ትሮጣለች አለ፣ ችግሩ መሮጧ ነው አለ። ከሰባት ቡድን ስድስተኛ ወጣ። ሐረር መኪናው ውስጥ ሆና ስታለቅስ ዋለች።

አባቴም ቢሆን ሚካኤልና ማርያም በሚውሉበት ቀን በሬ አይጠምድም ነበር። ዝናቡ አመቺ ቢሆን እንኳ። በሬውም በዓሉን ያከብራል። ድርብ ፈረቃ ከጀመርኩ ወዲህ የእኔ በዓል በስልክ ነው የሚከበረው።

ያን ጠዋት፣ ውሾቹ ከመጠመዳቸው በፊት እናቴ ደወለች። እሷ ጋ አመሻሽ ነው። ካሜራውን አዙሬ ሲዳሞን አሳየኋት። ቀይ የጨርቅ ጫማ በአራቱም እግሩ አጥልቄለት ነበር።

«እግዚኦ! ምንድን ነው እግሩ ላይ?»

«ጫማ ነው እማዬ። በረዶው እንዳይቆርጠው።»

ዝም ብላ አየችው። ውሻ ከደጅ አያልፍም ባይ ናት፣ አንድ ነገር ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«በልቷል?»

«ሾርባ ጠጥቷል።»

«ሌሊት ተኝቷል?»

«ገለባ ተነጥፎለት ነው ያደረው።»

ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች። አሁን የምታየው እኔን ነው።

«አንተስ ልጄ?»

«ሃሎ? እማዬ? ኔትወርኩ ነው መሰለኝ፣ አይሰማኝም» አልኳት።