ሆት ሮድ በቀለም አይለካም
ስለ ሆት ሮድ፣ ማለትም ለፍጥነት ስለተቀየረ አሮጌ መኪና፣ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «አሮጌ መኪና አዲስ ቀለምና ሰፋፊ ጎማ ከገባለት ሆት ሮድ ነው» ማለቱ አልተዋጠልኝም። ሆት ሮድ የተወለደው ለፍጥነት ነው። ያኔ የካሊፎርኒያ ወጣቶች ርካሽ አሮጌ ፎርድ ይገዙ ነበር። ክብደት እንዲቀንስ ፓራፋንጎውን ይፈቱታል፣ ጉልበት እንዲያገኝ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጥ ክፍል) ይጨምሩለት ነበር። ከዚያ እንደ ሙሮክ ያለ የደረቀ ሐይቅ ላይ ወስደው ፍጥነቱን በሰዓት ይለኩት ነበር።

በፈረንጆች 1932 የወጣው ፎርድ እስከዛሬ የሚወደደው በምክንያት ነው። 65 የፈረስ ጉልበት ያለውን ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ተራው ሰው በሚችለው ዋጋ አመጣ። ያኔ ስምንት ሲሊንደር የሀብታም ነገር ነበር እኮ!

ለእኔ እውነተኛው ሆት ሮድ ባለቤቱ ራሱ የለፋበት፣ የተነካው ሁሉ ለፍጥነት የተነካ መኪና ነው። በተጎታች ተጭኖ ለኤግዚቢሽን ብቻ የሚወጣው ያምራል፣ አልክድም። ግን ፀረ-ዝገት ብቻ ተቀብቶ በየቀኑ የሚነዳው ይበልጥብኛል።