ከ10 ስድስት አመጣሁ (በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ጊዜ የተጻፈ)

ተዋረድኩ ጎበዝ። በ41 ወላጅ ፊት ተዋረድኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ፊደል ብሳሳት ለቲቸር እንዳትነግሩብኝ።

ትምህርት ቤት በኮሮና ምክንያት ከመጋቢት 7 ጀምሮ ዝግ ነው አይደል? ጥያቄው ግን በቴሌግራም ይመጣል። በየቀኑ። ፎቶ ነው፣ ግማሹ የቲቸር አውራ ጣት ነው። እሱን ደብተር ላይ እገለብጣለሁ፣ ናቲን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣለሁ፣ እንለቃቀሳለን። ትናንት ግን ደከመኝ። ወጥ ጥጃለሁ፣ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ በስልክ እየሰማሁ ነው። ራሴው ሠርቼ ላክሁት። ሁለተኛ ክፍል እኮ ነው!

ዛሬ ከሰዓት የወላጆች ግሩፑ ላይ የቲቸር የድምፅ መልእክት መጣ። ጮክ አድርጎ የከፈተው ባሌ ነው፣ እጁን ይቁረጠውና።

«የናቲ እናት፣ እንደምን ዋሉ? ልጁ ራሱ ቢሠራው ጥሩ ነበር። ጽሑፉ የትልቅ ሰው ነው።»

እሺ፣ ተያዝኩ። እዚህ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት?

«ደግሞም ተሳስተዋል። ፀሐይን በጸሎቱ ጸ ነው የጻፉት። ንጉሥም በንጉሡ ሠ ነው፣ ስሙ ላይ እኮ አለ። ከ10 ስድስት።»

ስሙ ላይ እኮ አለ! እኔን! ደብዳቤ ስጽፍ የምውል ሰው ነኝ እኮ። ቢሮ አንድም ሰው «ፀሐይሽ ምን ሆናለች?» ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ያ በእንባ የሚስቀው ቢጫ ፊት ይዥጎደጎድ ጀመር። ቆጠርኩ፣ 17። አንዷ በየማታው «ዛሬ ጥያቄ ነበር እንዴ?» የምትለዋ ናት። እሷም ሳቀች! እኔስ ምን ብዬ መለስኩ? «እሺ ቲቸር፣ አመሰግናለሁ።» ምኑን እንዳመሰገንኩ እንጃ።

ባሌ ሶፋው ላይ ተንፈራፈረ። አማቴ ከጓዳ «የኔታ ቢሆኑ አለንጋ ነበር» አሉ።

ደግሞ የትምህርት ቤቱ ክፍያ አለ። ከ50 እስከ 75 በመቶ ክፈሉ ሲባል የኛዎቹ 75ን ለመምረጥ ደቂቃም አልፈጀባቸው። አስተማሪዋም እኔ፣ ተማሪዋም እኔ፣ ከፋይዋም እኔ፣ ወዳቂዋም እኔ።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ እንዳትሰበሰቡ ይላል። እኛ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አምስት ነን። ማን ይውጣ? እኔ ልውጣ እላለሁ። የት ልሂድ? ታክሲው በግማሽ ሰው፣ በእጥፍ ሂሳብ ነው። ባሌ ቤት መዋል ከጀመረ ወዲህ በቀን አምስቴ ይርበዋል። ፍሪጁን ከፍቶ ቆሞ ያየዋል፣ እንደ ዜና። አማቴ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ፌጦ ወቅጠው በየተራ ያስውጡናል። ሰው ውጭ ማስክ ያደርጋል፣ እኔ የሚያስፈልገኝ ቤት ውስጥ ነው።

እሳቸውን ግን መቆጣት አልችልም። በፋሲካ ቅዳሴው በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ጫማቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ሶፋውና ጠረጴዛው መሀል ቆመው አስቀደሱ። መሀል ላይ መብራት ጠፋ። አልተቀመጡም። ጥቁሩን ስክሪን እያዩ እስኪመጣ ቆመው ጠበቁ። እኔም አብሬ ቆምኩ፣ ምን ላድርግ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ንጉሡ ሠ። ንዴቴን ለእህቴ ልናገር ብዬ ስልክ ስመታ፣ ከጥሪው በፊት «እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ» ይለኛል። በምን? ውሃ ከሄደ አራተኛ ቀኑ ነው! የቀረችን አንድ ጀሪካን ናት፣ እሷንም አማቴ እንደ ጠበል ነው የሚቀዷት።

አሁን ደግሞ የነገው ጥያቄ መጣ። ላም ሳሉ ይላል። «ናቲ፣ እርሳስ አምጣ» ብለው «እማዬ አንቺ አትሳይ፣ ከስድስትም ታወርጂኛለሽ» አይለኝም?

ቆይ ቆይ። ቧንቧው እያስነጠሰ ነው። መጣ መሰለኝ። ጀሪካኖቹ የት ናቸው